ከሦስት ሞተር አንድ

ሌላዋ ሴት ባሏን ከጠላ ቤት ትፈልጋለች፤ እኔ ሸዋገነት ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ባሌን የፈለግሁት ከሞተር ላይ ነው። ተደፍቶ ጀርባው ብቻ ይታየኛል። ምሳ ቀረበ ስለው ትከሻውን ይነቀንቃል፤ ሰማሁ ማለቱ ነው። ሰምቶ የመጣበት ቀን ግን ትዝ አይለኝም። ወጡ ይቀዘቅዛል፣ እኔ እሞቃለሁ።

እንዲህ ስል ግን እጁን ማማቴ አይደለም። አምቦ ውስጥ የአሻግሬን ያህል እጅ አልነበረም፤ የሚጠላውም ሰው ይመሰክርለታል። ከቤታችን ጓሮ በቆርቆሮ በከለላት ቦታ የጃፓን ሞተር ሳይክል ይጠግናል። በጃንሆይ ጊዜ ለእርሻ ባለሙያው፣ ለወባ መድኃኒት ረጪው፣ ለማን ለማን ሞተር ታድሎ ነበር። ከአብዮቱ በኋላ ሞተሮቹ አረጁ፤ መለዋወጫ የሚባል ነገር ግን ከገበያ ጠፋ። ሌላው መካኒክ እጁን አጣጥፎ ሲቀመጥ የኔው ጉድ የሆንዳውን ፍሪሲዮን ለሱዙኪው፣ የሱዙኪውን ካርቡሬተር ለያማሃው እያዋሰ ያስነሳቸው ጀመር። የሞተ ሞተር የለም፣ የሚያውሰው ያጣ እንጂ፣ ይላል። አካሉ ከአንዱ፣ ልቡ ከሌላው፣ እግሩ ከሦስተኛው የሆነ ሞተር ከጓሯችን ወጥቶ ወደ ጉደር ሲከንፍ አይቼ እኔም ኮርቻለሁ። ውሸት ምን ያደርግልኛል?

ከወለድኳቸው ሦስት ልጆች እግዜር የተወልኝ ወሰኑን ብቻ ነው። በሰባ ስምንት ዓመተ ምሕረት አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሶ ውጤት ይጠብቅ ነበር። ከአባቱ ጋር በሞተር ጉዳይ ሲነታረኩ መስማት ለኔ ጨዋታዬ ነው። ልጁ፣ ለደጋ አገር ሞተር ካቴናው የሚያዞረውን የኋላውን ባለ ጥርስ ብረት ትልቅ ማድረግ ነው፤ ፍጥነቱ ይቀንሳል እንጂ ዳገት አይፈራም ይላል። አባትየው ደግሞ፣ እኔ ሞተር እንጂ በሬ አልገጥምም ብሎ ያሾፍበታል። ልጁ ያኮርፋል። ሁለቱም ግትር ናቸው፤ ከየት እንዳመጡት እንጃ፣ ከኔ ግን አይደለም።

ሰኔ ላይ የብሔራዊ ውትድርና ስም ዝርዝር ቀበሌው ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። ወሰኑ አሻግሬ፣ ሰባተኛ ተራ ቁጥር። አስነብቤ እንደሰማሁ ወደ ቤት ሮጥኩ። ካቻምና ከሰፈራችን የሄዱት አምስት ልጆች አንዳቸውም ሲመለሱ አላየሁማ። በማግሥቱ ልጄን ይዘን በጊንጪ አድርገን የጭልሞን ደን አልፈን ጎጆ ወደምትባለው የደጋ ከተማ ወጣን። ከጎጆም ሁለት ሰዓት በእግር ሄደን ለኦቦ ጉደታ አስረከብነው። ጉደታ የወሰኑ የክርስትና አባት ነው፤ ለኛ አበልጅ፣ ለልጁ ሁለተኛ አባት። አገሩ ብርዳም ነው፤ ገብስና ድንች እንጂ ሌላ አያውቅም። ክረምቱ ሲገባ መንገዱ ሁሉ ጭቃ ይሆንና መኪና የሚባል ነገር ዝር አይልበትም። የመረጥነውም ለዚሁ ነው፤ መኪና የማይደርስበት ፈላጊም አይደርስበትም ብለን። አምቦ ላለው ሰው ሁሉ፣ አዲስ አበባ አክስቱ ዘንድ ሄዷል አልን። ለነፍስ አባቴ እንኳ አልተናገርኩም፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ሐምሌ አጋማሽ ላይ ጓድ ነገራ አንድ የሞተ ሆንዳ በጋሪ አስጭኖ ደጃችን መጣ። ነገራን ሁሉም ያውቀዋል፤ ድሮ አስተማሪ ነበር፣ ልጄን ሁለተኛ ክፍል ፊደል ያስጨረሰው እሱ ነው። አሁን አውራጃው ቢሮ ገብቶ ጓድ ተብሏል። ክፉ ሰው ነበር ብል ቀላል ይሆንልኝ ነበር፤ ግን አልነበረም። ሰላምታው ረጅም፣ ድምፁ ዝቅ ያለ ሰው ነው። ከአካም ጅርታ ጀምሮ የሞተውን የጎረቤት በሬ ሳይቀር ጠይቆ ነው ወደ ጉዳዩ የሚገባ። ጉዳዩ ምንድነው ቢሉ፣ ቢሮው ያለችው አንዲት ላንድሮቨር በዚህ ክረምት ደጋውን መውጣት አልቻለችም፣ ስለዚህ ሞተሩ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ይነሣ ነው።

አሻግሬ ጎንበስ ብሎ አየው፤ ነካ ነካ አደረገውና ልቡ ደርቋል፣ አይድንም አለ። ነገራ ወደ እኔ ዞሮ፣ የወሰኑን ስም ዝርዝሩ ላይ ማየቱን ነገረኝ። የመንግሥት ሞተር የሚጠግን ጋራዥ ረዳት ያስፈልገዋል፤ ልጁ ለአስፈላጊ ሥራ ተመድቧል ብሎ ቢሮው ወረቀት ቢጽፍ ስሙ ይሰረዛል፤ ሞተሩ የተነሣ ቀን ወረቀቱን ማኅተም አስመትቼ አመጣለሁ አለ። ሞተሩን እዚያው ጥሎልን ሄደ።

እሱ ከበር እንደወጣ አሻግሬ ቁልፉን ወርውሮ ሞተሩ አጠገብ ተቀመጠ። ይድናል አይደል አልኩት። ሲዋሽ አውቀዋለሁ።

«ሸዋ» አለኝ በመጨረሻ። «ልጃችንን ያስቀመጥነው መኪና የማይወጣበት ብለን ነው። ይኼ እኮ መኪና የማይወጣበት ሊወጣ ነው።»

እኔ ምን አልኩ? እሳት ሆንኩበት። ስሙ ከተሰረዘ ምን ቢወጣ ምን ያገባናል አልኩት። ልጄ ዕድሜ ልኩን ጭስ ቤት ተደብቆ ድንች ሊልጥ ነው ወይ አልኩት። ለአገር ሁሉ ሞተር ስትገጥም ኖረህ ለልጅህ ሲሆን እጅህ ያጥራል፤ የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይኼ ነው አልኩት። ብዙ ብያለሁ። አንዱንም ዛሬ መመለስ አልችልም። ሦስት ቀን ሳላናግረው ዋልኩ፤ በአራተኛው ቀን ጠዋት ከጓሮ የመዶሻ ድምፅ ሰማሁ።

ከዚያ ወዲያ ያለውን ሥራ ሳይ የዋልኩት እኔ ነኝ፤ ረዳቱ ወሰኑ ጎጆ ነዋ። የሆንዳው ሻንሲና መሪው ደህና ነበር። ልቡን ግን አውጥቶ ጣለና ከወባ መሥሪያ ቤት ተጥሎ ዝናብ ሲመታው ከኖረ ሱዙኪ ሌላ ልብ አመጣ። የአንዱ ልብ በሌላው አካል የት ይገባል? ቀዳዳው አይገጥም፣ ወርዱ አይገጥም። ከተሰበረ የሽቦ አልጋችን ብረት ቆርጦ በየዳው። አልጋዬን ሲቆርጥ እንኳ አልተቆጣሁም፤ ያን ሁሉ ከተናገርኩ በኋላ ምን አፍ አለኝ? እሱ ቡሎን ሲያጠብቅ እኔ ያንን ብረት ደረቴ ላይ ደግፌ ይዤ ቆሜያለሁ፤ ቀሚሴ በዘይት ተነከረ፣ የግራ እጄ ተላጠ። ሁለት አጫጭር ካቴና ቀጥሎ አንድ አደረገው። ካንዴላውን በላምባ አጥቦ፣ በሽቦ ፍቆ፣ ነፍስ ዘራበት። አንድ ቀን ደግሞ ከአንድ የእርሻ ያማሃ ላይ ትልቁን ባለ ጥርስ ብረት ፈትቶ አመጣና አዲስ ቀዳዳ በስቶለት ከኋላው ጎማ ላይ አሠረው።

«ይኼ የወሰኑ ነገር አይደለም እንዴ?» አልኩት።

ሳቅ አለ። ልጁ ልክ ነበር፣ ለዚያ አገር ይኼ ነው የሚሆነው አለኝ። ከሰኔ ወዲህ ሲስቅ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ነሐሴ አሥራ አንድ ቀን ሞተሩ ተነሣ። ሁለት ጊዜ ረገጠው፣ ሳለ፤ በሦስተኛው ያዘ። ጢሱ ጓሮውን ሞላው፣ ዶሮዎቼ ተበተኑ፣ ጎረቤት ሁሉ ወጣ። አሻግሬ ከከተማው በላይ ያለውን ዳገት ሊሞክረው ሄደ። ዳገቱ ጭቃ ነበር፤ በቅሎ እንኳ ታንገራግርበታለች። እኔ ከታች ቆሜ አየሁ። ቀስ ብሎ፣ ሳያቋርጥ፣ ሲያጉረመርም እላይ ደረሰ። ሰው አጨበጨበ። አሻግሬ ሲመለስ ፊቱ ሁሉ ጭቃ ሆኖ ጥርሱ ብቻ ይታያል። በዚያች ሰዓት ሁለታችንም ሞተሩ የማን እንደሆነ ረስተን ነበር።

ነገራ ቃሉን ጠበቀ። በማግሥቱ ወረቀቱን ይዞ መጣ፤ ማኅተሙ ገና አልደረቀም። ከአምቦ ዝርዝር ወሰኑ አሻግሬ ተሰርዟል ይላል። አንድ ነገር ብቻ ቀረ፤ ልጁ ራሱ እስከ ወሩ መጨረሻ ቀበሌ ቀርቦ መፈረም አለበት። እልል ልል ቃጣኝ። አሻግሬ ግን ጨርቁን በእጁ እያሸ፣ ወዴት ልትወጣበት ነው ብሎ ጠየቀው። ነገራ አልደበቀም። ወደ ጎጆ ነው አለ። እዚያ ያሉት የገበሬ ማኅበራት ዘንድሮ የሚያዋጡት የዘማች ቁጥር ገና አልተነገራቸውም፤ ነገ ጠዋት እነግራቸዋለሁ አለ።

አሻግሬ አየኝ። ያ አስተያየት አሁንም ዓይኔ ላይ አለ። እኔ ግን ወረቀቱን ነበር የማየው። በሬ ሆይ፣ ሣሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ አሉ! ወሩ ሊያልቅ ሁለት ሳምንት ተኩል ቀርቶታል፤ ከሐምሌ ወዲህ ወደዚያ የወጣ ሰው የለም፤ ልጄ ነፃ መሆኑን ማን ይንገረው? በእግር እንዳልወጣ ጉልበቴ አይችል። አሻግሬም በዚያ ጭቃ ሲደርስ ቀናት ይፈጅበታል፣ ነገራ ግን ነገ ይደርሳል። እኛ አገር ደግሞ ወደ ላይ የሚሄድ ሰው ከተገኘ ደብዳቤ ሳይሰጡት መልቀቅ ነውር ነው። የሚሄደው ሰው ደብዳቤ ይይዛል፣ በባለቤቱ እጅ ያስረክባል፤ አደራ ነው። ስንቱን አደራ እንዲህ ልኬያለሁ፤ አንድም ቀን ጠፍቶብኝ አያውቅም።

ስለዚህ ሁለት ወር ሙሉ ከነፍስ አባቴ የደበቅሁትን ለነገራ ነገርኩት። ልጄ ኦቦ ጉደታ ቤት ነው አልኩት። ነገራ ትንሽ ደነገጠ፤ ቢሆንም አደርሳለሁ አለ።

ደብዳቤውን እኔ አጻፍኩ፣ አሻግሬ ጻፈ። ስምህ ተሰርዟል፣ ወረቀቱን ከዚህ ጋር ልከንልሃል፣ በመንገድ ማንም ቢጠይቅህ አሳይ፣ ቶሎ ና አልን። ዋናውን ወረቀት ነው የላክሁት፤ መንገድ ላይ እንዳይይዙብኝ ብዬ። እኔ ጨረስኩ ስል አሻግሬ ብዕሩን አላስቀመጠም። ጎንበስ ብሎ ከግርጌ ሁለት መስመር ጨመረ። ምንድነው ብዬ አስነበብኩት። «ይህን ሞተር እኔ ነኝ የገጠምኩት። አንተ ያልከውን የኋላ ጥርስ አድርጌዋለሁ፤ ወጥተህ በደንብ እየው» ይላል። በአፉ ልክ ነበርክ ማለት የማይችል ሰው በጽሑፍ ማለቱ ነው።

«አደራ ጥብቅ ነው፣ ሰማይ ሩቅ ነው» ብዬ ለነገራ ሰጠሁት።

በአምስተኛው ቀን ኦቦ ጉደታ በእግሩ መጣ። ጭቃው እስከ ጉልበቱ ደርሷል። ከበሩ ላይ ሳየው ብቻውን ነው፤ ከኋላው ልጄን ፈለግሁ። ሀዳ ወሰኑ፣ የወሰኑ እናት፣ ብሎ ጠራኝና በሩ ሥር መሬት ላይ ተቀመጠ። ውሃ ሰጠሁት፤ ይዞት ቀረ እንጂ አልጠጣም።

ነገሩን ቀስ በቀስ ነው ያወጣነው። እዚያ አገር በክረምት የሞተር ድምፅ ተሰምቶ ስለማያውቅ ሰው ሁሉ ወደ መንገድ ወጥቷል፤ ወሰኑም ወጣ። ነገራ ከገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ከዓብዲሳ ጋር ነበር፤ ቁጥሩን ነግሮት፣ አራት ሰው አምጣ ብሎት፣ ዓብዲሳ ደግሞ የጉደታን ቤት ሊያሳየው አብሮት መጥቷል። ነገራ ልጁን በስሙ ጠርቶ ደብዳቤውን ሰጠው። ወሰኑ ቆሞ አነበበው። ከዚያ ሳቀና ሞተሩን ይዞረው ጀመር፤ የኋላው ጎማ አጠገብ ቁጢጥ ብሎ የብረቱን ጥርስ በጣቱ እየቆጠረ ነበር ይላል ጉደታ። ዓብዲሳ ከላይ ሆኖ ያየዋል። አራት ሰው ማምጣት አለበት፤ የመንደሩ ልጅ ሁሉ የወንድሙ ወይ የአማቹ ልጅ ነው። ይኼ ግን በዓብዲሳ ደጅ ቆማ የምታለቅስለት እናት የሌለችው እንግዳ ነው።

አንተ የት ነው የተመዘገብከው ብሎ ጠየቀው። ወሰኑ ወረቀቱን አሳየ። ዓብዲሳ አስነብቦ ሰማና፣ ይኼ የአምቦ ነው፤ ከአምቦ ከተሰረዘ አሁን የኛ ነው፣ ሁለት ወር የኛን ገብስ በልቷል አለ። ነገራ ትንሽ ተከራከረ። ልጁን አስተምሬዋለሁ፣ ወረቀቱንም የጻፍኩት እኔ ነኝ አለ። ዓብዲሳ፣ እንግዲያው አራተኛውን አንተ አምጣልኝ አለው፤ ነገራ ክርክሩን ተወ። የሱም ቁጥር መሙላት አለበታ።

«አንተስ?» አልኩት ጉደታን። «አንተ የክርስትና አባቱ ምን አልክ?»

ጉደታ ውሃውን መሬት አስቀመጠ።

«ልጄ ነው፣ አይሄድም አልኩ። ዓብዲሳ፣ ልጅህ ከሆነስ የወለድከውን ጉዩን ስጠና ይኼን አስቀር አለኝ። ጉዩ አጠገቤ ቆሞ ነበር፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው።» ቀና ብሎ አላየኝም። «ዝም አልኩ፣ ሀዳ ወሰኑ። ዝም አልኩ።»

ልረግመው አፌን ከፈትኩ፤ ርግማኑ አልመጣልኝም። እኔ ብሆንስ? ልጄን ወይ የሰው ልጅ ቢሉኝ ምን እል ነበር? ሽማግሌው ልብሱ እንደረጠበ መሬት ላይ ተቀምጧል። አሻግሬ ደርቦት የነበረውን ካፖርት አውልቆ አለበሰው። ልጁን በማግሥቱ ከጊንጪ በጭነት መኪና ወስደውታል።

ቢሮ ለቢሮ ዞርኩ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይላሉ፤ እኔ ላይ የደረሰው ግን ያልፈራሁት ነው። መዝገቡን የያዘው ሰውዬ ስሙን ፈልጎ አገኘው፤ ቀይ መስመር ተሰምሮበታል። ልጅሽ ከዚህ ተሰርዟል፣ ስለዚህ በኛ በኩል የዘመተ ልጅ የለሽም አለኝ። ከጎጆ ሄዷል ስለው፣ የጎጆውን ጎጆ ጠይቂ አለኝ። ወረቀት ነበረኝ ስለው፣ አምጪው አለኝ። ወረቀቱ ልጄ ኪስ ውስጥ ነው። ሌሎቹ እናቶች የዘማች ቤተሰብ ተብለው ሲጠሩ፣ ስለ ልጆቻቸው ሲነገራቸው፣ እኔ ስሜ የሚጠራበት ቦታ አልነበረም። ተሰርዟል የሚለውን ቃል እልል ብዬ ልቀበለው የቃጣኝ እኔው ነኝ።

ጳጉሜ ላይ ነገራ ሞተሩን እየነዳ መጣ። አሻግሬ ጓሮ ነበር። ነገራ ቆቡን አወለቀ፤ ረጅም ሰላምታውን አልጀመረውም።

«ወይዘሮ ሸዋገነት፣ ደብዳቤውን በእጁ ሰጥቼዋለሁ» አለኝ። «አደራዬን አልበላሁም።»

እውነቱን ነው። ምን ይባላል? በእጁ ነው የሰጠው፤ እኔ በለመንኩት መሠረት፣ እኔ በነገርኩት ቤት። አደራውን ቢበላ፣ ደብዳቤውን ጭቃ ውስጥ ቢጥለው ኖሮ ልጄ ዛሬ ገብስ ያጭድ ነበር። እሱ አልጣለውም። እንባዬ መጣ፤ እሱ ፊት እንዳላለቅስ ፊቴን ወደ ቆርቆሮው አዞርኩ።

ነገራ የመጣው ካቴናው ላልቶበት ነው። ይህን ለመናገር እንኳ አፍሮ ሞተሩን በእጁ አመለከተ። አሻግሬ ጎንበስ ብሎ አየው። ወደ ነገራ ቀና ሳይል፣ ልጁ እንዴት ወደ ጊንጪ እንደወረደ ጠየቀው። ነገራ፣ ሦስቱ በገመድ ታስረው በእግራቸው ወረዱ፤ ተማሪዬን በገመድ ማየት አልቻልኩም፣ ከኋላዬ አፈናጥጬው ወረድኩ አለ። መንገዱን ሁሉ ትከሻዬን ይዞ ነበር አለ።

አሻግሬ ጀርባው ብቻ ነበር የሚታየኝ።

«ከወንዙ ወዲህ ያለውን ዳገት» አለ፣ «ሁለታችሁን ይዞ ወጣው?»

ነገራ መሬት መሬት አየ።

«ወጣው» አለ። «አንዴም አልጠፋብን።»

ባሌ ራሱን ነቀነቀ። ቁልፉን አነሣና ካቴናውን ያጠብቅለት ጀመር፤ ቁልፉ ሁለት ጊዜ ወደቀበት። ሁለቱንም ጊዜ ያነሣሁለት እኔ ነኝ። ይኸው አራተኛ ዓመቱ ነው፤ ከወሰኑ አንድ መስመር አልመጣም። ሞተሩ አሁንም በየክረምቱ ወደ ጎጆ ይወጣል፤ ሲበላሽም የሚያመጡት ወደ እኛ ነው።